ጨፌው የሚከፈትበት ቀን

በጡረታ ሽኝቴ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ትልቅ የግድግዳ ካላንደር ሸለመኝ። ባለቀለም ነው፤ አጽዋማቱም በዓላቱም በቀይ ተጽፈውበታል። የሸለሙኝ ልጆች ክፋት የለባቸውም፤ ዕድሜውን ከበግና ከከብት ጋር የፈጀ ሰው ቤት ሲውል ቀኑ እንዳይጠፋበት ብለው ነው። ባለቤቴ ሳሎን ልትሰቅለው ምስማር ስትፈልግ «ተይው፣ እኔና ካላንደር ተቀያይመናል» አልኋት። ቀልድ መስሏት ሳቀች። የቂሙን ነገር በትዳራችን ዘመን ሁሉ አንድም ቀን በወጉ ነግሬያት አላውቅም፤ ስለዚህ ይህን የምጽፈው መጀመሪያ ለእሷ ነው።

ነቀምቴ ከተማ ተቀምጦ ለሚውል ጡረተኛ ዓመቱ ሁለት ብቻ ነው፤ ቆርቆሮው ሲንኳኳ ክረምት፣ መንገዱ ሲቦን በጋ። በበጎች መካከል የኖርሁባቸው ዓመታት እንዲህ አልነበሩም። ያኔ ጠዋት ከቤት ስወጣ የነፋሱን መምጫ፣ የሣሩን ሽታ፣ የበጎቹን አስተኛኘት አይቼ ዓመቱ የት እንደ ደረሰ አውቅ ነበር። አሁን ይናፍቀኛል። እውቀቱ ደግሞ ከሰማይ የወረደልኝ አይደለም፤ ያስተማሩኝ ሰው አሉ። እኚያን ሰው የበደልሁትም እኔው ነኝ።

ዘመኑ የንጉሡ ነው። አባቴ ከጎጃም መጥተው ነቀምቴ የከተሙ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩ። እኔን ቄስ ሊያደርጉኝ ሲመኙ እኔ የእንስሳት ጤና ረዳትነት ኮርስ ጨርሼ ሰርተፊኬት ይዤ መጣሁባቸው። «ልጄ የበግ ሐኪም ሆነ» እያሉ ለጎረቤት ሲናገሩ የኩራት ይሁን የሐዘን ለይቼው አላውቅም። የተመደብሁት ከሲሬ ወደ አኖ በሚወስደው መንገድ፣ ከአውራ ጎዳናው ወረድ ብሎ ባለ የበግ እርባታ ጣቢያ ነበር። የሆሮን በግ፣ ያንን ቡናማውን ባለ ወፍራም ላት፣ እየመረጡ የሚያራቡበት ቦታ ነው። ደመወዙ ለወንደላጤ ይበቃ ነበር፤ ስለሱ ሌላ የምለው የለኝም።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ታደለ ከሸዋ የመጡ ናቸው። በዚያ ጭቃ መካከል ጫማቸውን በቀን ሁለት ጊዜ የሚወለውሉ፣ ማኅተም ያላረፈበትን ወረቀት ከወረቀት የማይቆጥሩ ሰው ነበሩ። ክፉ አልነበሩም፤ የበላይ ይፈሩ ነበር እንጂ። የእረኞቹ አለቃ ደግሞ ኦቦ ዲንሳ ይባላሉ። ጣቢያው ከተከፈተ ጀምሮ ከባለቤታቸው ከአዴ ጫልቱ ጋር በአጥሩ ጥግ ባለች ቤት ይኖሩ ነበር። እሑድ እሑድ ጸሎት ቤት ድምፃቸውን ለቀው ይዘምራሉ፤ በሥራ ቀን ግን ቃል ይቆጥባሉ።

የመጀመሪያ ቀን ኮቴን ለብሼ ወደ ጉረኖው ሄድሁ። «አካም ጅርቱ፣ ኦቦ?» አልሁ፣ ጎጃም ጎጃም በሚል ኦሮምኛዬ።

«ነጋ፣ ነጋ» አሉ። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «ምን ተምረህ መጣህ?»

በተማርሁበት ቅደም ተከተል የበሽታዎቹን ስም አንድ በአንድ ደረደርሁላቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ አጠገባቸው የነበረችውን በግ አገጯን ይዘው በአውራ ጣታቸው የታችኛውን የዓይኗን ቆብ ገለጥ አደረጉና «ይኼስ?» አሉ።

«ዓይን ነው።»

«ቀለሙን ነው የምጠይቅህ።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። «ቀይ ነው።»

«ትናንት ነበር ቀይ። ዛሬ ፈዝዟል» አሉና ለቀቋት። «ነገም ታያታለህ። የሞተች ዕለት የበሽታዋን ስም ከደብተርህ ታነብልኛለህ።» እረኞቹ ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ዶክተር ሆላ» ሆነ፤ የበግ ዶክተር ማለት ነው። በሲሬ ገበያ ሳይቀር ሰው የሚያውቀኝ በዚሁ ስም ነበር።

በደብተሬ ዓመቱ አሥራ ሦስት ወር ነው። በኦቦ ዲንሳ ዘንድ ግን ዓመቱ አራት ነበር። ክረምቱን ጋና ይሉታል፤ ደመናው ሲገለጥ ቢራ ይመጣል፤ በጋው ቦና ነው፤ ከበጋ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ የሚጥልበት ወቅት አርፋሳ። ይህንንስ ማንም የወለጋ ሰው ያውቀዋል። እሳቸውን ልዩ የሚያደርጋቸው አንዱ አልቆ ሌላው የሚገባበትን ቀን ከበጎቹ ላይ ማንበባቸው ነበር። በክረምቱ፣ በጋና ወቅት፣ በጎቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው ይተኛሉ። አንድ ጠዋት ተራርቀው፣ እያንዳንዷ የራሷን ቦታ ይዛ ተኝታ ካገኟቸው «ቢራ ዛሬ ሌሊት ገባች» ይሉ ነበር። እኔ ወደ ሰማይ ብመለከት ያው ደመና ነው። ከሦስት ከአራት ቀን በኋላ ግን ሰማዩ ይከፈታል፤ ያ ቢጫ አበባ፣ በእነሱ ቋንቋ ቄሎ የሚሉት፣ ኮረብታውን ይሞላዋል። በቦና የአውራዎቹ አንገት ይሸታል፤ ሣሩ ስትረግጠው ይሰበራል። ለአርፋሳ ምልክታቸው ደግሞ ከጉረኖው በላይ ያለችው ሾላ ነበረች። ዝናቡ ሳይመጣ ቀድማ ታቆጠቁጣለች። የማታውቀውን ውኃ እንዴት እንደምታምን እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

አንድ ዓመት ከውጭ አገር የመጣ ባለ ሱፍ አውራ በግ ተላከልን። ስሙን እረኞቹ «ፈረንጁ» አሉት። ሐምሌ ሲገባ ያ ሁሉ ሱፍ ዝናብ ጠጥቶ ፈረንጁ ከተኛበት መነሣት አቃተው። አራት ሆነን ከጭቃ ስናነሣው ኦቦ ዲንሳ ራሳቸውን ነቀነቁና «ይኼ ሰውዬ ካፖርቱን ማውለቅ አይችልም እኮ» አሉ። በልብስ ሰፊ መቀስ ሸለትነው። በማግስቱ ደግሞ በረደውና ጆንያ አለበስነው። አቶ ታደለ ለበላይ ምን ብለው እንደሚጽፉ ጨንቋቸው በመስኮት ያዩን ነበር። ያን ቀን ሳስታውስ ብቻዬን እስቃለሁ።

ከኦቦ ዲንሳ ልማዶች ብዙው ከእጄ አልወጣም። በግ ሳይዳስሱ ስለ በግ አይናገሩም። መዳፋቸውን ወገቧ ላይ አሳርፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አጥንቱና ሥጋው የሚነግራቸውን ይሰማሉ። ግልገል የሞተባት እናት ካለች የሞተውን ቆዳ በጥንቃቄ ገፈው እናት ለሌለው ግልገል እንደ ሸሚዝ ያለብሱታል፤ እናቲቱ ጅራቱን አሽትታ የእኔ ነው ብላ ታጠባለች። መንጋ ቆጥረው ደግሞ አያውቁም፤ ከብት መቁጠር ደግ አይደለም ይላሉ። ማታ በጎቹ ሲገቡ በሩ ላይ ቆመው የሚያልፉትን ሁሉ እያዩ ያሳልፉና «ያቺ ጆሮዋ የተሰነጠቀው አልመጣችም» ይላሉ። እኔ በደብተሬ ቆጥሬ አንድ እንደ ጎደለ የማውቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ዋናው ነገር ጨፌው ነበር። ከጣቢያው በታች፣ በክረምት ውኃ የሚተኛበት ለምለም ሜዳ አለ። ክረምቱን በእሾህ አጥር ተዘግቶ ይከርማል፤ ኮረብታው ላይ ያለው ሣር ሲያልቅ ቢራ ሲገባ ይከፈታል። በጎቹ አጥሩ ሥር ቆመው እየጮኹ ይለምናሉ። ሰው ሁሉ ይከፈት ይላል። ኦቦ ዲንሳ ግን በየጠዋቱ ብቻቸውን ይገቡና ጫማቸውን አውልቀው ተረከዛቸውን መሬቱ ላይ ተክለው ያነሣሉ። ከዚያ ጎድጓዳውን እያዩ ይቆማሉ። ውኃ ካቆረ «ሂንታኡ» ብለው ይወጣሉ፤ አይሆንም ማለታቸው ነው። ሳያቁር ሲቀር፣ ያውም በአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን በሰባት በስምንት ቦታ፣ ያን ዕለት አግዳሚውን እንጨት ያነሡታል። እኔ ከመጽሐፍ አውቀዋለሁ፤ እርጥቡ መሬት ላይ ትንሽ ቀንድ አውጣ አለ፤ የጉበት ትል የሚመጣው በእሱ ነው። እሳቸው መጽሐፉን አያውቁትም፤ ተረከዛቸው ግን ተሳስቶ አያውቅም ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ሦስት ዓመት ተከታትዬ ኦቦ ዲንሳ ጨፌውን የከፈቱበትን ቀን መዝግቤ ነበር። ሦስቱም ጊዜ ከመስቀል በኋላ በአምስተኛው ቀን ግድም ሆነ። እኔ ሆዬ ትልቅ ግኝት ያገኘሁ መሰለኝ። በጥሩ የእጅ ጽሑፍ የዓመቱን የሥራ ሰሌዳ አዘጋጀሁ፤ የመድኃኒቱ ቀን፣ የሰኮና ቆረጣው ቀን፣ ጨው የሚሰጥበት ቀን፣ ከዚያም «ከመስቀል በኋላ በአምስተኛው ቀን ጨፌው ይከፈታል» የሚል። አቶ ታደለ ሲያዩት ፊታቸው በራ። ማኅተም መቱበትና ቢሯቸው ሰቀሉት። ለኦቦ ዲንሳ አነበብሁላቸው። «ጽሑፍህ ቆንጆ ነው» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። ምስጋና መስሎኝ ደስ አለኝ።

በአራተኛው ዓመት መስቀል አልፎ ዝናቡ አልሄደም። በዚያው ሰሞን ኑኑ ቁምባ የሚኖሩ የኦቦ ዲንሳ ወንድም ሞቱ። አቶ ታደለ «ሂድ፣ ወንድምህን ቅበር» ብለው አሰናበቷቸው፤ እኔው ፊት ነው። ወረቀት ግን አልጻፉም። ኦቦ ዲንሳ በቅሏቸውን ጭነው ሲወጡ ወደ እኔ ዞር አሉ። «ዶክተር፣ ሁለት ሳምንት ነው። እስክመጣ ጨፌውን አትክፈት።»

«እሺ፣ ኦቦ» አልሁ።

አምስተኛው ቀን ደረሰ። ኮረብታው ተግጦ አልቋል፤ በጎቹ ይጮኻሉ፤ በኅዳር አውራ በጎች ለማደል እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ አቶ ታደለ በጎቹ እንዲወፍሩላቸው ይፈልጋሉ። ቢሮ አስጠሩኝ።

«ሰሌዳው ምን ይላል?»

«ዛሬ ይከፈታል ይላል። ግን ኦቦ ዲንሳ እስክመጣ ቆይ ብለውኛል።»

«ሰሌዳውን የጻፈው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ካላመንህበት ለምን ማኅተም አስመታኸኝ?» አሉ እየሳቁ።

አልገደዱኝም። ይህን ደግሜ እናገራለሁ፤ ማንም አልገደደኝም። ዝናቡ በነጋታው የሚያቆም መሰለኝ፤ ከዚያም በላይ በራሴ ጽሑፍ መሳቂያ መሆን አልፈለግሁም። ወደ ጨፌው ወርጄ አግዳሚውን እንጨት በገዛ እጄ አነሣሁ። በጎቹ እየተጋፉ ገቡ። በጥቂት ቀን ጀርባቸው ሞላ፤ ላታቸው ተንጠለጠለ። እኔም «አየህ?» እያልሁ ለራሴ እናገር ነበር። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል እንዲሉ፣ እየላስሁ ነበር።

ኦቦ ዲንሳ ሲመለሱ ገና ከበቅሎው ሳይወርዱ ከላይ ሆነው መንጋውን ጨፌው ውስጥ አዩት። ወርደው ጫማቸውን አወለቁ። ተረከዛቸውን ተክለው ሲያነሡ ውኃው ጎድጓዳውን ሞልቶ ፈሰሰ። በጎቹን አስወጥተው በሩን ዘጉት። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ስንት ቀን ሆናቸው?»

«አሥራ ሁለት።»

«አሁን የምናደርገው የለም፣ ኢልማ ኮ» አሉ። ልጄ ማለታቸው ነው። «ኅዳርን እንጠብቅ።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር ሊያልቅ ሲል የመጀመሪያዋ ሞተች። ወፍራም ነበረች፤ እርጉዝም ነበረች፤ ጠዋት ግጣ ከሰዓት ወደቀች። ሆዷን ስከፍት ደም ሞልቶታል፤ ጉበቷ በጣቴ ስነካው ይፈርሳል። ከተልባ ፍሬ የማይበልጡ ትሎች በጉበቱ ውስጥ መንገድ እየበሉ ይሄዱ ነበር። መድኃኒት ነበረኝ። ነገር ግን በዚያ ዘመን የነበረን መድኃኒት አድጎ የተቀመጠውን ትል እንጂ ገና የሚጓዘውን ትንሹን አይነካም። ይህን አውቃለሁ። እያንዳንዷን በግ እያየሁ፣ ውስጧ ምን እየሆነ እንዳለ እያወቅሁ፣ ቆሜ መጠበቅ ብቻ ነበር ሥራዬ። ሆኖም ጋትኋቸው፤ ዝም ብዬ መቀመጥ ስላልቻልሁ ነው የጋትኋቸው። ኦቦ ዲንሳ አፋቸውን ይከፍቱልኛል፣ እኔ ጠርሙሱን አዘነብላለሁ። ታኅሣሥ እስኪጋመስ ከመንጋው ሲሶው አለቀ። ጉድጓድ የቆፈርንበት ሜዳ ከሩቅ ሲያዩት የታረሰ ይመስል ነበር።

ከነቀምቴ መርማሪ መጡ። አቶ ታደለ ቢሮ ተሰበሰብን። ሰሌዳው ከግድግዳው ላይ ወርዷል፤ ማን እንዳወረደው አልጠየቅሁም። አቶ ታደለ የእረኞቹ አለቃ በዚያ ወሳኝ ሰሞን ያለ ፈቃድ ከሥራው መቅረቱን ተናገሩ። ሲናገሩ ጫማቸውን ያዩ ነበር።

መርማሪው ወደ ኦቦ ዲንሳ ዞሩ። «ፈቃድ ነበረህ?»

«በቃል ነበረኝ።»

«ወረቀትስ?»

«ወረቀት የለኝም።»

«ስለ በጎቹ የምትለው አለ?»

«በጎቹ ሞተዋል። አለቃቸው እኔ ነኝ። ምን እላለሁ?» አሉ። ወደ እኔ አላዩም። አንድ ጊዜ እንኳ ቢያዩኝ ምናልባት እናገር ነበር።

«ባለሙያው የምትጨምረው አለ?» አሉኝ መርማሪው።

«የለም፣ ጌታዬ» አልሁ። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ። የዚያን ዕለት ዝምታዬ ግን አንድ ሽማግሌን ከሥራቸውና ከቤታቸው የሚያስወጣ ነበር፤ ይህንንም ዝም ስል አውቀው ነበር። ቃለ ጉባኤው ሥር ፈረምሁ።

ከገና በኋላ ደብዳቤው መጣ፤ ኦቦ ዲንሳ እስከ ጥር መጨረሻ ሥራውንም ቤቱንም እንዲለቁ። በሚቀጥለው ጠዋት ቤቴ ደጃፍ ቆመው አገኘኋቸው። «ና፣ አጥሩን እንዙር» አሉኝ። ዞርን። እዚህ ጋ በአርፋሳ ጉንዳን ይበዛል፣ አዲስ ግልገል አታስተኛ፤ ይኼ ቁልቁለት በቦና መጨረሻ ያንሸራትታል፣ እርጉዞቹን በላይ በኩል ውሰድ፤ ከምዕራብ ነፋስ ሲነሣ የጉረኖውን ይህን ወገን በቅጠል ክደን። ዓመቱን ወቅት በወቅት እያስረከቡኝ ነበር። ለእኔ፣ ላስባረራቸው ሰው! ለመናገር አፌን ብዙ ጊዜ ከፈትሁ። የማወጣው ቃል ግን «እሺ፣ ኦቦ» ብቻ ሆነ። ስንለያይ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

የሄዱ ዕለት አዴ ጫልቱ በበቅሎው ላይ ሆነው አልፈውኝ ሄዱ። ሰላም ያላሉኝ የመጀመሪያ ቀን ነው። እኚያ ሴት ያበሉኝን እህልና ያጠጡኝን ወተት አስታውሼ ጓዳዬ ገብቼ አለቀስሁ።

በየካቲት ነቀምቴ ሄጄ ለአባቴ ነገርኋቸው። ለንስሐ አባቴ ተናግሬ ቀኖና ተቀብያለሁ አልኋቸው። አባቴ ዳዊታቸውን ዘጉና «የበደልኸው ሰው በሕይወት እያለ ለቄስ ብቻ ነግረህ ልትገላገል ነው?» አሉኝ። በማግስቱ መርማሪው ቢሮ ገባሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚሉት ነው፤ ቢሆንም ጮኽሁ። ጨፌውን የከፈትሁት እኔ ነኝ፣ ፈቃዱም በቃል መሰጠቱን በጆሮዬ ሰምቻለሁ አልሁ።

«ለምን ያኔ አልተናገርህም?»

«ፈርቼ ነው።»

«አሁንስ?»

«አሁንም ፈርቻለሁ» አልሁ። መርማሪው ወረቀትና ብዕር ሰጡኝ። ጻፍሁ።

ወረቀቱ ወጣ፣ ወረደ። እኔም በየሳምንቱ ሲሬ እየሄድሁ ፖስታ እጠብቅ ነበር፤ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። አቶ ታደለ «አንተ» ማለቱን ትተው «እርስዎ» ይሉኝ ጀመር፤ እንዲህ ያለ ብርድ ከአክብሮት ውስጥ ሊወጣ እንደሚችል ያወቅሁት ያኔ ነው። ሚያዝያ ሲጋመስ መልሱ መጣ። ለእኔ ማስጠንቀቂያና የደረጃ እገዳ፣ ለኦቦ ዲንሳ ወደ ሥራቸው መመለስ። ደብዳቤውን ኪሴ ከትቼ በበቅሎ ወደ ኑኑ ቁምባ ወረድሁ፤ መንገድ አድሬ በማግስቱ ደረስሁ።

እረኞቹ አስቀድመው መክረውኝ ነበር። በዚያ አገር የበደለ ሰው እርጥብ ሣር ነጭቶ ይዞ ከተበዳዩ ደጅ ይቆማል፤ ቤት አይገባም። የተበደለው ሰው ሣሩን ከእጁ ከተቀበለው ነገሩ አለቀ። ካልተቀበለው ሣሩን ይዞ ወደ መጣበት ይመለሳል። ከመንገዱ ዳር ነጭቼ ደጃፋቸው ቆምሁ። ኦቦ ዲንሳ ከሁለት የመንደሩ ሽማግሌዎች ጋር ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው የማረሻ ዕርፍ ይጠርቡ ነበር። ከስተዋል። አዴ ጫልቱ በበሩ ብቅ ብለው አይተውኝ ተመለሱ።

«ምን ይዘህ መጣህ?» አሉኝ አንዱ ሽማግሌ።

ሁሉም እንዲሰማ በኦሮምኛ ተናገርሁ። «ጨፌውን የከፈትሁት እኔ ነኝ። አትክፈት ብለውኝ ነበር። በእሳቸው ሲፈረድም ቁጭ ብዬ አየሁ። ፈቃድ እንደ ነበራቸው እያወቅሁ ዝም አልሁ።» ደብዳቤውንም አውጥቼ አነበብሁ። ስጨርስ ኦቦ ዲንሳ ዕርፉን እየጠረቡ ነበር።

«ዲንሳ፣ ልጁ ሣር ይዟል» አሉ ሌላው ሽማግሌ።

«አይቻለሁ» አሉ። ገጀራውን አስቀመጡ። ቀና ብለው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ስድብ ጠበቅሁ። «አርፋሳው እዚያ እንዴት ነው? ዝናቡ በስንተኛው ደመና ጣለ?» አሉኝ።

ሁለት ወር ሙሉ ፖስታ ስጠብቅ ሰማዩን አላየሁትም ነበር። «አላየሁም፣ ኦቦ።»

«በጎቹ ጠዋት ፊታቸውን ወዴት አዙረው ይቆማሉ?»

«አላየሁም።»

«ታዲያ በጎቹን ማን እያየ ነው?»

ውሸት አማረኝ። ግን በቃኝ። «ማንም» አልሁ።

ኦቦ ዲንሳ ብድግ አሉ። ቤት ገብተው ጋቢያቸውንና ዱላቸውን ይዘው ወጡ። ለአዴ ጫልቱ «ሰው እልክልሻለሁ፣ ዕቃውን አሰናጂ» አሉ። ሽማግሌዎቹ ተደናግጠው ተነሡ። «ዲንሳ! የልጁ ነገርስ? ሣሩን አልተቀበልኸውም እኮ!»

«መንገዱ ረጅም ነው» አሉ፤ ወደ በቅሏቸው ሄዱ።

ሁለቱንም ቀን ስለ ነገሩ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ስለ ማሳው፣ ስለ ደመናው፣ መንገድ ላይ ስላገኘነው ሰው ሁሉ በሬ አወሩኝ። እኔ አንድ እጄን በልጓሙ ላይ፣ አንድ እጄን በሣሩ ላይ አድርጌ እከተላለሁ። መጣል አልችል፣ ተቀበሉኝ ብዬ መለመን አልችል። ሣሩ በእጄ ጠወለገ፤ ማታም ባደርንበት ቤት ትራሴ ሥር አድርጌው አደርሁ።

ጣቢያው ስንደርስ በጎቹ ከግጦሽ እየገቡ ነበር። ኦቦ ዲንሳ ወርደው እንደ ዱሮው የጉረኖው በር ላይ ቆሙና አንድ በአንድ እያዩ አሳለፏቸው። መጨረሻ ላይ አንዲት ከሲታ እናት በግ፣ ከዚያ እልቂት የተረፈች፣ ከመንጋው ተለይታ ቀስ እያለች መጣች። አጠገባቸው ስትደርስ ቆመች። እሳቸውም ወደ እኔ ሳይዞሩ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘረጉ። ምን እንደፈለጉ አልገባኝም። ጣቶቻቸው ቡጢዬን አግኝተው ፈለቀቁት። ሣሩን ከእጄ ወሰዱና ለበጊቱ አበሏት።